የአባቴ ባርኔጣና የፎቶ ቤቱ ባርኔጣ

አባቴን የወሰዱት በባርኔጣው ምክንያት ነው። ሌላ ምንም አልተገኘበትም። ቤታችን ሲፈተሽ መጽሐፍ አልተገኘ፣ ወረቀት አልተገኘ፣ ከእናቴ የሽንኩርት ቢላዋ በስተቀር ስለት እንኳ አልተገኘ። የተገኘው አንድ ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ ነው፤ እሱም ተደብቆ ሳይሆን አባቴ ራስ ላይ።

የምንኖረው አፍንጮ በር ነበር። አባቴ ከጎንደር በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቀጭን ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ባርኔጣውን የገዛው ጸሐፊ ሆኖ በተሾመበት ዓመት፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረ የአርመን ሱቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ይቦርሸዋል። ዝናብ ከመታው ደግሞ እሳት አጠገብ አያደርቀውም፤ የሚፈላ ጀበና እንፋሎት ላይ ትንሽ አዙሮ፣ ቅርጹን በመዳፉ መልሶ፣ ጠርዙ እንዳይጣመም በአናቱ ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

ልጅ ሳለሁ ጠርዙን በጣቴ እያስዳሰሰ፣ “ይህ ጨርቅ አይደለም” ይለኝ ነበር። “አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። ሱፍ ቢሉትም የጥንቸል ጸጉር ነው። በሙቅ ውኃና በእንፋሎት አሽተው አሽተው እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጉታል። ክር ልምዘዝ ብትይ አታገኚለትም።”

የባርኔጣን ታሪክ የነገረኝም እሱ ነው። በእሱ አነጋገር የሱፍ ባርኔጣ ወደ አገራችን ሁለት ጊዜ ገብቷል። መጀመሪያ የመጣው ደረቁ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ አናቱ ላይ አንድ ሸለቆ ብቻ ያለው። ከውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች ጋር መጣ፤ መኳንንቱ በጥቁር ካባ ላይ ደፉት፤ ከእነሱ ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ ጸሐፊው ወረደ። ለስላሳው፣ ፊቱ በሁለት ጣት ቆንጠጥ የተደረገው፣ የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ጣሊያን ሲወጣ ባርኔጣው ቀረ። ሲኒማ ቤቶቹ ደግሞ አስፋፉት፤ የአራዳ ዘናጭ ሁሉ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጋርዶ ይደፋው ጀመር።

አባቴ የደረቁ ወገን ነበር። “የእኔ አይቆነጠጥም” ይላል። ለእሱ የባርኔጣ ትልቁ ጥቅም ማውለቁ ነበር። በጊዮርጊስ ሲያልፍ አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዝና ይሳለማል። ለሽማግሌ ሙሉ በሙሉ ያወልቃል፤ ለእኩያው በጣቱ ጠርዙን ይነካል። ባርኔጣ የሌለው ሰው ሰላምታውን በምን እንደሚለካ አይገባኝም ይል ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ባርኔጣዎቹ አንድ በአንድ ከመንገድ ጠፉ። አዋጅ የወጣባቸው አይመስለኝም። ግን በስብሰባ ላይ “ባለባርኔጣው” ማለት “አድሃሪው” ማለት ሆነ። ሰው ሁሉ ካኪ ለበሰ፤ የካኪ ቆብ ደፋ፤ ያልደፋው ባዶ ራሱን ሄደ። በመጨረሻ ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ በየቀኑ የሱፍ ባርኔጣ ደፍቶ የሚሄደው አባቴ ብቻ ቀረ።

እናቴ ትለምነው ነበር። “አንተ ሰው፣ ይህን ነገር ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው። ቀን ሲያልፍ ትደፋዋለህ።”

“ሠላሳ ዓመት የደፋሁትን ዛሬ ባወልቀው፣ ምን ደብቆ ነው አይሉም?” ይላታል።

እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ነጋቲቭ በማረም እሠራ ነበር። ነጋቲቩን ከሥሩ መብራት ያለው መስተዋት ላይ አደርግና በሾለ እርሳስ ጠባሳ እሸፍናለሁ፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥላ አለሰልሳለሁ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። አሥመራ ተወልደው፣ ሙያውን እዚያው ከአንድ ጣሊያን ተምረው፣ አዲስ አበባ ከመጡ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሰው ነበሩ። ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ ባርኔጣውን ለእሳቸው ትቶላቸው ነበር፤ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ፊቱ የተቆነጠጠ። ከመጋረጃው አጠገብ በሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ወንድ ሁሉ አይቶት አያልፍም፤ አንሥቶ ይደፋዋል። የወዛደሩም፣ የተማሪውም፣ የሙሽራውም ራስ ላይ አርፏል። ባርኔጣ መንገድ ላይ ሲጠፋ እንኳ እኛ ጋ አልጠፋም። ሰው በር ዘግቶ ለአንድ ደቂቃ ይደፋዋል፤ ከዚያ ሰቅሎት በባዶ ራሱ ይወጣል።

አባቴ ከመወሰዱ በፊት በነበረው ክረምት ሦስት ወጣቶች መጡ። አንደኛው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ “እህቴ፣ ዘነጥኩ?” አለኝ።

“ባርኔጣው ዘንጧል” አልኩት።

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። አገጩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ነጋቲቩን ሳርም ጠባሳውን ሸፈንኩለት። ሊወስድ ሲመጣ ፎቶውን ቀረብ አድርጎ አየና፣ “ጠባሳዬን የት አደረስሽው?” አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም። ስሙንም አላውቅም። መዝገባችን ላይ “ዘናጩ ብለሽ ጻፊ” ነበር ያለኝ፤ የአራዳ ልጅ ስሙን በቀላሉ አይሰጥም።

የአሰሳው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ተከበበ። ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። ሁለቱ ፍራሽ ሲገለብጡ፣ ካኪ ጃኬት የለበሰው አለቃቸው በሩ ላይ ቆሞ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። አባቴ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ስለነበር ባርኔጣውን ደፍቷል። ሰውየው ከደረት ኪሱ አንድ ፎቶ አወጣ።

“ይሄን ባርኔጣ ታውቀዋለህ?”

አባቴ መነጽሩን አደረገና አየው። እኔም ከጎኑ ሆኜ አየሁት። ሦስቱ ወጣቶች ናቸው። መሐል ላይ ባርኔጣውን ዘንበል ያደረገው ልጅ፣ ግማሽ ፊቱ በጥላ ተሸፍኗል። አገጩ ላይ እኔ በእርሳሴ የሠራሁት ንጹሕ ቆዳ ይታያል።

“ባርኔጣ ነው” አለ አባቴ።

“ያንተ ነው!”

“የእኔ አይደለም። የእኔ አይቆነጠጥም።”

“ምንድን ነው የምትለው አንተ?” ሰውየው ፎቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። “በዚህ ሰፈር ይሄን ነገር የሚደፋ ካንተ በቀር ማን አለ? ይሄ ፎቶ የተገኘው አናርኪስቶች ቤት ነው። ሁለቱን አውቀናቸዋል። ባርኔጣህን ያዋስከው ሦስተኛው ማን እንደሆነ ቀበሌ ሄደህ ትናገራለህ።”

ፎቶው ከአልበም ሲገነጠል ጀርባው ተልጦ ነበር፤ የፎቶ ቤታችን ማኅተም አብሮ ሄዷል። እኔ አፌን ብከፍት “ባርኔጣው የፎቶ ቤታችን ነው” እላለሁ። ከዚያ በቀጥታ ፎቶ ቤቱ ይሄዳሉ። እዚያ የብዙ ዓመት ነጋቲቭ በመሳቢያ በመሳቢያ ተደርድሯል፤ የፒያሳ ወጣት ፊት ሁሉ። ይህን ሁሉ ያኔ አስቤ ነበር ብል እዋሻለሁ። ያኔ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አባቴን ይዘውት ወጡ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታደርግ እስከ አስፋልቱ ተከተለቻቸው።

በማግስቱ ስንቅ መውሰድ ጀመርን። ቀበሌው ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር፤ እስረኞቹ ከኋላ ባለው ጋራዥ ነው የታሰሩት። ጠዋት በሩ ላይ እንሰለፋለን። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ እንዲመለስ። ባዶ ሳህን ማለት ሰውየው አለ ማለት ነው። “ከእንግዲህ አታምጡ” የተባለ ሰው ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በዚያ ሰሞን ማልቀስም አይፈቀድም፤ ሳህኑን ይዞ ዞር ይላል።

ሰባት ቀን ሳህናችን ባዶ ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን እንዳለ ተመለሰ። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየች፤ ጨርቁ እንኳ አልተፈታም።

“ወንድሜ፣ ምነው?” አለች ጠባቂውን።

“አልበላም” አላት።

“አልበላም ማለት አልፈለገም ነው ወይስ...”

“አልበላም አልኩሽ እናት። ተራ ልቀቂ።”

እናቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ክዳኑን ደጋግማ ስትከፍትና ስትዘጋ ይንኳኳል። ያ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ቤት አድርሻት በቀጥታ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። እየሮጥኩ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ይያዛል።

ጋሼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ እያጠቡ ነበር። በሩን ዘጋሁና በቀዩ መብራት ሥር ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶውን፣ ባርኔጣውን፣ ዝም ማለቴን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ እጃቸውን በፎጣ አደራረቁ።

“ስንት ቀን ሆነው?”

“ስምንት።”

“ስምንት ቀን ይህን ይዘሽ ከጎኔ ቁጭ አልሽ፣ ጓለይ?” አሉኝ። ሲቆጡም ሲያዝኑም በትግርኛ “ልጄ” ይሉኛል። የትኛው እንደነበር አላወቅሁም።

“ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ለእርስዎም ፈርቼ ነው።” ፈርቼ የነበረው በእውነት ለእሳቸውም ነው። በዚያ ሰሞን አሥመራ ተወለድኩ ማለት ብቻውን ያስጠረጥር ነበር።

ፎጣውን ሰቀሉና፣ “የልጁን ነጋቲቭ አውጪው” አሉኝ።

ከመሳቢያው አገኘሁት። ነጋቲቩ ላይ ልጁ ከፎቶው ይልቅ በግልጽ ይታያል፤ ያለ ጥላ የተነሳ ሌላም አንድ ነበረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚስቅበት። ጋሼ ሁለቱን ምድጃው ላይ ከነበረው ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨመሯቸው፤ ሶዳ ነሰነሱበት። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ከፊልሙ ላይ እንደ ወተት ቆዳ ተነሣና ተገፈፈ። በጣቴ ስነካው ተበጣጠሰ። ውኃውን ደፋሁት። ባዶውን ፊልም ምድጃ ውስጥ ከተትነው።

ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ። ባርኔጣውን ከሚስማሩ አወረዱ፤ አልደፉትም፤ በጋዜጣ ጠቀለሉት። መዝገቡን እኔ ያዝኩ።

“አንቺ አትናገሪ” አሉኝ በመንገድ። “የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ አባትሽ ናፍቆሽ የመጣሽ ልጅ ነሽ።”

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የቪላው ሳሎን ነበር። ሊቀመንበሩ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። በግራና በቀኙ ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ አንድ ጠና ያለ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የአባቴ ባርኔጣ አለ። አባቴ ያለ ባርኔጣው የት ነው?

“ጓድ ሊቀመንበር” አሉ ጋሼ፣ “አንድ ስሕተት ለማቃናት ነው የመጣነው።”

“ማነው የተሳሳተው?”

ከኮሚቴዎቹ አንዱ እስክሪብቶውን አነሣ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሼ። “ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ።” ጋዜጣውን ፈትተው ባርኔጣውን ከአባቴ ባርኔጣ ጎን አስቀመጡት። “በፎቶው ላይ ያለው ይህ ነው። የፎቶ ቤቴ ዕቃ ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ይደፋዋል። ሽማግሌው ለማንም አላዋሱም።”

“ከየት ነህ አንተ?”

“ፒያሳ ሃያ ስድስት ዓመት...”

“የተወለድክበትን ነው።”

“አሥመራ።”

እስክሪብቶ የያዘው ኮሚቴ ጻፈ። አንድ ቃል ብቻ እንደጻፈ ከእጁ አየሁ።

ሊቀመንበሩ ፎቶውን ከፋይል አውጥቶ ከሁለቱ ባርኔጣዎች ጋር አስተያየ። “ሁለቱም ያው ባርኔጣ ነው” አለ። “በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቡናማውን ከግራጫው በምን ትለየዋለህ?”

ጋሼ ቡናማውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ያኔ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ እኔ ተናገርኩ።

“በጠርዙ ነው የሚለየው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የአባቴ ጠርዙ ዙሪያውን ተጠቅልሎ በሐር ጥብጣብ ተከፍፏል። የፎቶው ዝርግ ነው፤ ክፈፍ የለውም። ደግሞ ፊቱን ይመልከቱት፤ በሁለት ጣት ተቆንጥጧል። የአባቴ ደረቅ ነው፤ ሙጫ የጠጣ ነው። አይቆነጠጥም።”

“ቢቆነጥጡትስ?” አለ በቀኝ ያለው ኮሚቴ።

“እምቢ ይላል።”

ሊቀመንበሩ ለጠባቂው ምልክት ሰጠ። “ሽማግሌውን አምጣው።”

አባቴ ገባ። ጺሙ አድጓል። ከንፈሩ አብጦ ተሰንጥቋል፤ ያልበላው ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እጁን ከፍ አድርጎ ግንባሩ ዘንድ ሲያደርስ፣ ባርኔጣውን እየፈለገ እንደሆነ አየሁ፤ ለሰላምታ። አጥቶት እጁን መለሰ።

በቀኝ ያለው ኮሚቴ የአባቴን ባርኔጣ አንሥቶ ፊቱን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው። አልሄደለትም። በሁለት እጁ ይዞ ተጫነው። ባርኔጣው ቀጭን እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ አሰማ፤ ከአናቱ እስከ ጥብጣቡ ተሰነጠቀ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

“እውነቷን ነው” አለ ሰውየው፣ የተሰነጠቀውን ጠረጴዛው ላይ እየመለሰ። “አይቆነጠጥም።”

በዚህ መሐል በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያንን ቡናማውን እኔም ደፍቼዋለሁ። በንጉሡ ጊዜ ነው። ፎቶውን አገር ቤት ለእናቴ ልኬላታለሁ።”

ማንም አልሳቀ። ሊቀመንበሩ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየው። ጠባቂው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ላብ በጆሮው ሥር ሲወርድ ይታየኛል። ይህን ለመናገር ማንም አላስገደደውም። እስከ ዛሬ ያ ሰው ለምን እንደተናገረ አስባለሁ።

“እሺ” አለ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ። “ባርኔጣው የፎቶ ቤቱ ይሁን። ልጁስ? ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ነህ። ስሙ ማነው?”

ጋሼ መዝገቡን ከእጄ ወስደው ሰጡት። ሊቀመንበሩ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ዘናጩ፣ ጥቁሩ፣ የእማማ ልጅ፣ እንደገና ዘናጩ።

“ይሄ ምንድን ነው? ቀልድ ነው?”

“የአራዳ ልጆች እንዲህ ነው የሚያስመዘግቡት።”

“ነጋቲቩስ?”

“ጊዜው ያለፈበትን እናስወግዳለን፤ ቦታ የለንም።”

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ? ይሄን ፊት ታውቂዋለሽ?”

ፎቶውን በዓይኔ ፊት ያዘው። ልጁ ዘንበል ባለው ባርኔጣ ሥር ፈገግ ብሏል። አባቴ ከማዶ ያየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ ያውቃል፤ የታች ከንፈሬን እነክሳለሁ። እንዳልነክስ ጥርሴን ገጥሜ ያዝኩ።

“በቀን ስንት ፊት አያለሁ፣ ጓድ” አልኩ። “አላውቀውም።”

“ሽማግሌው ይሂዱ” አለ ሊቀመንበሩ። “አንተ ቆይ” አላቸው ጋሼን።

ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ። “ፎቶ ቤቱን ዝጊ፤ ቁልፉን እናትሽ ዘንድ አኑሪ” ብቻ ነው ያሉኝ። ሁለቱም ባርኔጣዎች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ከአባቴ ጋር ወጣን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ራሱ መንገድ ላይ ሲሄድ አየሁት። ጸጉሩ ያን ያህል መሳሳቱን አላውቅም ነበር። ሰው ሰላም ሲለው የሚያደርገው ጠፍቶት ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ቤት ልንደርስ ስንል ቆመ።

“ሰውየውን በእኔ ፈንታ ተውነው” አለኝ።

“ራሳቸው ናቸው እንሂድ ያሉት፣ አባባ።”

“እሱማ ይላል። እኛ ግን ተውነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቁን ለጋሼ ማመላለስ ጀመርን። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አሥመራ ናቸው። አባቴ የሽንኩርት ወጥ በርበሬው እንዳይበዛ ለእናቴ ራሱ ይነግራት ነበር፤ “ከንፈር ያቃጥላል” እያለ። ሰልፉ ላይም ራሱ ይቆማል። እናቴ በአንድ ወር ውስጥ አረጀች። እኔ ሳህኑ ባዶ በተመለሰ ቁጥር ለአንድ ቀን እተነፍሳለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ይጠበኛል።

ጋሼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈቱ። ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካሜራውን መያዝ አቃታቸው። ፎቶ ማንሳት ያስተማሩኝ ያኔ ነው፤ ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው “ትንሽ ወደ ግራ፣ ጓለይ፣ አገጩን ቀና በዪው” እያሉ። አባቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሹራብ ቆብ አድርጎ ከጋሼ ጎን ይቀመጣል። ሁለቱ ብዙም አያወሩም። አንዳንድ ቀን ስለ ሱፍ፣ ስለ ሪባን፣ በድሮ ጊዜ የትኛው ሱቅ ምን ዓይነት ባርኔጣ ይሸጥ እንደነበር ሲጨዋወቱ እሰማለሁ። ደንበኛ ሲገባ ዝም ይላሉ።

በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት መጡ። አጭር ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጃቸውን አስቀመጡና፣ “ልጄ፣ አንድ ፎቶ ፈልጌ ነበር” አሉኝ። “ወንድ ልጄ እዚህ ተነሥቶ ነበር፤ ባርኔጣ ደፍቼ ተነሣሁ ብሎ ነግሮኛል። ፎቶውን ሲፈትሹ ወሰዱብኝ። ሌላ የለኝም። ትምህርት ቤት የተነሣውንም ወስደዋል።”

“ምልክት ነበረው?” አልኳቸው። ከመጠየቄ በፊት አውቄው ነበር።

አገጫቸውን በጣታቸው ነኩ።

ጋሼና አባቴ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። “የለም፣ እማማ” አልኩ። “ጠፍቷል። ብዙ ጠፍቶብናል።”

“ጨርሶ?”

“ጨርሶ።”

ለመሄድ ዞሩና ተመለሱ። “አንቺ አይተሽዋል ግን? ፎቶውን?”

“አይቼዋለሁ።”

“አምሮበት ነበር?”

“በጣም” አልኳቸው። ባርኔጣውን እንዴት ዘንበል እንዳደረገው፣ የትኛው ጓደኛው በየትኛው ጎን እንደቆመ፣ ምን ብሎኝ ምን እንዳልኩት፣ እንዴት እንደሳቀ፣ ስለ ጠባሳው ምን ብሎ እንደቀለደ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። በሌላ ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ እንደገና አስወሩኝ። ሦስተኛም ጊዜ መጡ። ነጋቲቩን በገዛ እጄ እንዳጠፋሁት ግን አልነገርኳቸውም።

የነገርኳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያ መንግሥት ወድቆ፣ አባቴም ጋሼም አርፈው ነበር። ቤታቸውን አጠያይቄ ከጊዮርጊስ ጀርባ አገኘሁት። እማማ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን አወቁት። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ አወራሁላቸው፤ ባርኔጣውን፣ አባቴን፣ ሙቅ ውኃውን፣ ምስሉ በጣቴ ሲበጣጠስ።

“ያጠፋሽው ልጄን እንዳያገኙት ነው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እማማ።”

“አገኙት እኮ።”

“አዎ።”

ግድግዳውን እየዳሰሱ ተነሡ። ውጪ የሚሉኝ መስሎኝ እኔም ተነሣሁ።

“ወዴት ነው?” አሉኝ። “ቁጭ በይ። ምሳ ሳትበይ አትሄጂም።”